የኑክሌር ቆሻሻ፦ ገንዘቡን ማን ይያዝ? ማንስ ይቆጣጠር?

አሜሪካ ለኑክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ ብላ የሰበሰበችው ገንዘብ ከነወለዱ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። መቅበሪያው ግን የለም። ፊንላንድ ለዚሁ ጉዳይ ያጠራቀመችው ገንዘብ የዚያን አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ዋሻዋን ፈልፍላለች። በ2024 ደግሞ እውነተኛው ቆሻሻ፣ ማለትም ያገለገለው የኑክሌር ነዳጅ፣ ሳይገባ የሙከራ ስራ ጀምራለች።

የፊንላንድ ድንጋይ ጠንካራ መሆኑ እርግጥ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ከድንጋዩ በላይ ነው። ገንዘቡ በማን እጅ ተቀመጠ? ማን ያወጣዋል? "እምቢ" የማለት መብትስ ያለው ማን ነው? ሀገራት ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ በጣም የተለያየ ነው። አንዳንዱ ሰርቷል፣ አንዳንዱ ጣጣ አምጥቷል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግስት የኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም ሞስኮ ላይ የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ለመገንባት የድርጊት መርሃ ግብር ተፈራርመዋል። የቆሻሻው ወጪ የሚወሰነው ግን ቆሻሻው ከመፈጠሩ በፊት ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን አሁን ማወቅ አይከፋም። (ከዚህ ቀን በስተቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። ጨረር ያለበት ቆሻሻ ሁሉ አንድ አይደለም። ጓንት፣ ማጣሪያ፣ የስራ ልብስ የመሳሰለው ብዙ ቦታ ይይዛል እንጂ ጨረሩ ዝቅተኛ ነው። ብዙ ሀገራት መሬት ላይ ወይም ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ያስወግዱታል። ደቡብ አፍሪካም ቫልፑትስ በሚባል በረሃማ ቦታ ከ1986 ጀምሮ ትቀብረዋለች። ራስ ምታቱ ያገለገለው ነዳጅ ነው፣ ማለትም በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ኃይል ካመነጨ በኋላ የሚወጣው። መጠኑ ትንሽ፣ አደጋው ግን እጅግ ረጅም ዘመን የሚቆይ ነው። ገንዘቡም ክርክሩም የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ ግምጃ ቤት ሲገባ፦ አሜሪካ

የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1982 ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከኑክሌር የሚመነጭ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የአንድ ሳንቲም አንድ አስረኛ ይክፈል። ገንዘቡ ለመቅበሪያ ይጠራቀም። መንግስት ደግሞ ከጥር 31 ቀን 1998 ጀምሮ ቆሻሻውን ከኩባንያዎቹ ይረከብ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከኑክሌር ጣቢያ መብራት ታገኙ ከነበረ እስከ 2014 ድረስ ይህችን ክፍያ ከፍላችኋል። ትንሽ ስለሆነች ማንም ልብ አይላትም።

ችግሩ ገንዘቡ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ፈንዱ በስም ለቆሻሻ የተለየ ነው። በተግባር ግን ገቢው ወደ ፌዴራል ግምጃ ቤት ይገባል፣ በምትኩ የመንግስት የዕዳ ሰነድ ይያዛል። ከዚያ አንድ ዶላር ለማውጣት ኮንግረስ በየዓመቱ በጀት ማጽደቅ አለበት። ማለትም መሰብሰቡ በራሱ ይሄዳል፣ ማውጣቱ ግን በየዓመቱ የፖለቲካ ድርድር ይጠይቃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1987 ኮንግረስ ሌሎቹን እጩ ቦታዎች ትቶ አንድ ቦታ ብቻ እንዲጠና ወሰነ። ኔቫዳ ውስጥ ያለው ዩካ ተራራ ነው። ኔቫዳ አንድም የኑክሌር ኃይል ጣቢያ የላትም። ሕዝቡ ተቆጣ። በ2002 አገረ ገዢው የተቃውሞ መብታቸውን ተጠቀሙ፣ ኮንግረስ ሻረው። ኔቫዳ ግን በፍርድ ቤትም በፖለቲካም ትግሉን አላቆመችም። በኦባማ ዘመን ፕሮጀክቱ በጀት ተነፍጎት ቆመ። ሕጉ አልተሻረም፣ ስራው ግን የለም።

ከዚያ የመጣው ነገር ለሒሳብ ሠራተኛ ቅዠት ነው። መንግስት በውሉ መሰረት ቆሻሻውን ስላልተረከበ ኩባንያዎቹ ከሰሱ፣ አሸነፉም። እስካሁን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተከፍሏል። ይህ ካሳ ከቆሻሻው ፈንድ አይወጣም። ፍርድ ቤት ከልክሏል። የሚወጣው ከአጠቃላይ ግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ ያው ሰው አንዴ በመብራት ሂሳቡ ከፈለ፣ ሁለተኛ በግብሩ እየከፈለ ነው። በ2013 ፍርድ ቤቱ "መቅበሪያ ከሌላችሁ ለምን ታስከፍላላችሁ?" በሚል መንፈስ ክፍያው ዜሮ እንዲደረግ አዘዘ። በ2014 ክፍያው ቆመ። 90,000 ቶን ገደማ ያገለገለ ነዳጅ ዛሬም በየጣቢያው ግቢ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ይሁንና ከአሜሪካ የሚወሰድ ጥሩ ነገርም አለ። ያን ለማየት ከኔቫዳ ወደ ኒው ሜክሲኮ መሻገር ያስፈልጋል።

ካርልስባድ ከተማ አጠገብ፣ 650 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ በጨው ንጣፍ ውስጥ የተፈለፈለ መቅበሪያ አለ። ስሙ ዊፕ ነው። ከ1999 ጀምሮ ከጦር መሳሪያ ስራ የተረፈ ቆሻሻ ይቀበርበታል። በፌዴራል ሕግ ክልሎች በጨረር ጉዳይ ላይ እጃቸው አጭር ነው። ቆሻሻው ግን ጨረር ብቻ ሳይሆን አደገኛ ኬሚካልም አለው። ኬሚካሉን ደግሞ ክልሉ ይቆጣጠራል። ኒው ሜክሲኮ በዚህች በር ገባች። የፈቃድ ወረቀቱ በእጇ ስለሆነ መመርመርም መቅጣትም ትችላለች።

በየካቲት 2014 አንድ በርሜል ውስጡ ጋለና ፈነዳ፣ ጨረርም አፈተለከ። ምክንያቱን ሲያጣሩ የተገኘው ነገር ለማመን ይከብዳል። ፈሳሹን ለማምጠጥ በርሜሉ ውስጥ የተጨመረው ድመት ቤት ውስጥ የምትጸዳዳበት ነገር ነበር። ያውም ከሸክላ የተሰራው ሳይሆን ከስንዴ የተሰራው። የስንዴው ውጤት ከናይትሬት ጨው ጋር ተገናኝቶ ጋለ። መቅበሪያው ለሦስት ዓመት ገደማ ተዘጋ። ክልሉ ቅጣት ጣለ። በመጨረሻ የፌዴራሉ የኢነርጂ መስሪያ ቤት 74 ሚሊዮን ዶላር ለክልሉ መንገድና ሌሎች ስራዎች ለማዋል ተስማማ። የክልል ቁጥጥር ጥርስ ሲኖረው እንዲህ ነው።

ከዚህም የሚልቅ ሌላ ነገር ነበራቸው። ከ1978 እስከ 2004 ድረስ ዊፕን ብቻ የሚመረምር የሳይንቲስቶች ቡድን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ይሰራ ነበር። ደሞዙን የሚከፍለው ራሱ ተመርማሪው፣ የፌዴራሉ መስሪያ ቤት ነው። ቡድኑ ግን ተጠሪነቱ ለእሱ አልነበረም። ሪፖርቱን ለሕዝብ በነጻነት ያወጣ ነበር። እኔ ከመላው የአሜሪካ ልምድ አንድ ነገር ብቻ ቅዳ ብባል ይህን እቀዳለሁ።

ገንዘቡ ለብቻው ሲቀመጥ፦ ፊንላንድና ስዊድን

የፊንላንድ ፈንድ በ1988 ተቋቋመ። መንግስት ያስተዳድረዋል፣ ከመንግስት በጀት ግን ውጭ ነው። የፓርላማ የበጀት ጭቅጭቅ አይነካውም። ክፍያው የሚሰላበት መንገድ ብልህ ነው። በየዓመቱ "ማብላያው ዛሬ ቢዘጋ፣ እስካሁን ያለውን ቆሻሻ ሁሉ ለማስወገድ ስንት ያስፈልጋል?" ተብሎ ይጠየቃል። ከተገመተው ወጪ የጎደለውን ኩባንያው ይሞላል። ወጪው ከቀነሰ ትርፉ ይመለስለታል። ኩባንያው ነገ ቢከስር እንኳ የዛሬው ቆሻሻ ባለቤት አልባ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። ኩባንያዎቹ በቂ መያዣ ካስያዙ ከፈንዱ ብዙውን ገንዘብ መልሰው መበደር ይችላሉ። ፊንላንድ ውስጥ ይህ እስካሁን ችግር አላመጣም። ተቋማቱ ጠንካሮች ናቸው። ይህን አሰራር ወደ ሌላ ሀገር የሚወስድ ሰው ግን ሁለቴ ያስብበት።

ስራውን የሚሰራው ፖሲቫ ነው፣ ባለቤቶቹ ሁለቱ የኑክሌር ኩባንያዎች ናቸው። የሚቆጣጠረው የጨረር ባለስልጣኑ ስቱክ ነው። ቦታው የሚገኝበት የኤውራዮኪ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ሙሉ "እምቢ" የማለት መብት ነበረው። በ2000 ምክር ቤቱ 20 ለ 7 ተቀበለው። በቀጣዩ ዓመት ፓርላማው 159 ለ 3 አጸደቀ። ከኔቫዳ ጋር አስተያዩት። እዚያ ተቃውሞው ተሽሮ ፕሮጀክቱ ሞተ። እዚህ እምቢታው የማይሻር ስለነበር ሰዎች ለመደራደር ፈቃደኛ ሆኑ፣ ፕሮጀክቱም ተሰራ። ኤውራዮኪ ማብላያዎችን ጎረቤት አድርጋ የኖረች፣ ከእነሱም ግብር የምታገኝ ከተማ መሆኗ ነገሩን እንዳቀለለው መካድ አይቻልም።

የስዊድን አሰራር ተመሳሳይ ነው፣ ሁለት ነገር ግን ይጨምራል። የመጀመሪያው ዋስትና ነው። ክፍያው በኪሎዋት ሰዓት ነው፣ መንግስት በየሦስት ዓመቱ ያስተካክለዋል። ነገር ግን ማብላያው ያለ ጊዜው ቢዘጋስ? ክፍያው ይቋረጣል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ላልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ዋስትና እንዲያስገቡ ይገደዳሉ።

ሁለተኛው ተቃዋሚን መደገፍ ነው። ከዚሁ ፈንድ ለማዘጋጃ ቤቶችና ለአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ገንዘብ ተሰጥቶ የራሳቸውን ባለሙያ ቀጥረው ፕሮጀክቱን እንዲመረምሩ ተደርጓል። ሞኝነት ይመስላል። ግን ሰርቷል። ቆሻሻው የሚታሸግበት መዳብ ስንት ዘመን ዝገት ሳይበላው ይቆያል የሚለውን ጥያቄ በአደባባይ ተከራከሩበት። በ2018 የአካባቢ ፍርድ ቤቱም ስለ መዳቡ ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቀ። ኩባንያው ማስረጃ አምጥቶ መለሰ። ቦታው የሚገኝበት የኧስትሃማር ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት በ2020 ተቀበለ፣ መንግስት በጥር 2022 ፈቀደ፣ ፎርስማርክ ላይ ስራው በ2025 ተጀመረ። ዘገየ። ግን ከዩካ በተሻለ መሬት ላይ ቆሟል።

ኩባንያው ራሱ ይያዝ? መንግስት ጠቅልሎ ይውሰድ?

በፈረንሳይ የተለየ ፈንድ የለም። በ2006 ሕግ መሰረት ኤሌክትሪክ አምራቹና ሌሎቹ ድርጅቶች ለቆሻሻው የሚሆን ሀብት በራሳቸው መዝገብ ለይተው ይይዛሉ። ቢከስሩ እንኳ ሌላ አበዳሪ ሊወስደው አይችልም። መቅበሪያውን የሚሰራው አንድራ የተባለ የመንግስት ድርጅት ነው። እቅዱ ቡር በምትባል መንደር አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ የሚገርመው የወጪ ግምቱ ነው። ከፋዩ ኩባንያ ዝቅ አድርጎ ይገምታል፣ ገንቢው ድርጅት ከፍ አድርጎ። በመሐል ሚኒስትሩ ይወስናሉ። በ2016 ሚኒስትሯ 25 ቢሊዮን ዩሮ ብለው ቆረጡ። በ2025 አንድራ ያወጣው አዲስ ግምት ከ26 እስከ 37.5 ቢሊዮን ይዘልቃል። ግምቱ ሲጨምር ኩባንያው ብዙ ገንዘብ ለይቶ መያዝ አለበት። ኩባንያው ደግሞ የመንግስት ነው። ታዲያ ሚኒስትሩ ዳኛም ተከሳሽም አይሆኑም?

ጀርመን በተቃራኒው ሄደች። በ2017 የኑክሌር ኩባንያዎቹ 24 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ በአንድ ጊዜ ለመንግስት ፈንድ ከፈሉ። ከዚህ ውስጥ ከ6 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው "ወደፊት ወጪው ቢጨምር አትጠይቁን" የሚል ጭማሪ ነው። ከዚያ በኋላ ማከማቸትና መቅበር የመንግስት ኃላፊነት ሆነ። ለኩባንያዎቹ የቀረው ጣቢያዎቹን ማፍረስ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ገንዘቡ ኩባንያዎቹ ሳይከስሩ በእጅ ገባ። ጉዳቱም ግልጽ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጭማሪ ሁሉ ሕዝብ ይሸከማል።

ጭማሪውም አይቀርም። ጎርሌበን የተባለው ቦታ ለአሥርተ ዓመታት ከተጨቃጨቁበት በኋላ በ2020 ከእጩነት ወጣ። ቦታ ለመምረጥ የተያዘው ቀን 2031 ነበር። በ2024 የወጣ ጥናት ግን ፍለጋው እስከ 2074 ሊዘልቅ ይችላል አለ። ኩባንያዎቹ ዘወር ብለው ሳያዩ ሄደዋል። በዚያ ላይ አሴ የሚባል አሮጌ የጨው ማዕድን አለ። በ1967 እና በ1978 መካከል 126,000 ገደማ በርሜል ተቀብሮበታል። አሁን ውሃ እየገባበት ስለሆነ በርሜሎቹን መልሶ ለማውጣት እየታሰበ ነው። ወጪው የመንግስት ነው።

እንግሊዝን በአጭሩ ልለፋት። ለአሮጌዎቹ የመንግስት ጣቢያዎች በጊዜው በቂ ገንዘብ አልተጠራቀመም። ሴላፊልድ የተባለውን የኑክሌር ግቢ ብቻ አጽድቶ ለመጨረስ በ2024 የተሰጠው ግምት 136 ቢሊዮን ፓውንድ ነው፣ ስራው እስከ 2125 ይዘልቃል፣ ከፋዩም ግብር ከፋዩ ነው። ከዚህ ተምረው በ2008 ባወጡት ሕግ አዲስ ጣቢያ የሚገነባ ሁሉ የማፍረሻና የቆሻሻ ገንዘብ እቅዱን አስቀድሞ ማስጸደቅ አለበት።

"ሻጩ ይመልሰው" የሚለው ምርጫ

ለአዲስ ገቢ ሀገር በጣም የሚያጓጓው ይህ ነው። ሩሲያ ነዳጅ ሸጣ ያገለገለውን መልሳ ትወስዳለች። ባንግላዴሽ ለሩፑር ጣቢያዋ በ2017 እንዲህ ያለ ስምምነት ፈርማለች። ኢራንም ለቡሼህር ቀድማ ተስማምታለች። ለምን ጉድጓድ እንቆፍራለን ታዲያ?

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን ውሉን በደንብ ማንበብ ያሻል። ነዳጅ መመለስና ቆሻሻ መመለስ አንድ አይደሉም። ያገለገለው ነዳጅ እንደገና ሲዘጋጅ ከባድ ጨረር ያለው ተረፈ ምርት ይወጣል። የሩሲያ ሕግ ይህን ተረፈ ምርት ወደ መጣበት ሀገር የመመለስ መብትን ያስጠብቃል። ስለዚህ ውሉ "ነዳጁን እንወስዳለን" ብቻ ካለ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ብርጭቆ ሆኖ የደረቀ ቆሻሻ ደጃፍ ላይ ሊመጣ ይችላል። ዋጋውስ አሁን ተቆርጧል ወይስ ያኔ ይታያል? ጦርነት ወይም ማዕቀብ መንገዱን ቢዘጋስ? ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ጊዜ ይገዛል። ግን ፈንድን አይተካም፣ የጣቢያው የጓንትና የማጣሪያ ቆሻሻም እዚያው ሀገር ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ እንዴት ይመረጥ?

ባለቤቱ የግል ኩባንያ ከሆነና የመክሰር ስጋት ካለ፣ የስዊድን አሰራር ይሻላል። ክፍያ በኪሎዋት ሰዓት፣ ግምቱ በየጊዜው የሚታደስ፣ ላልተከፈለው ደግሞ ዋስትና። ጣቢያዎቹ ሊዘጉ የተቃረቡ ከሆነና ኩባንያዎቹ ዛሬ ገንዘብ ካላቸው የጀርመንን መንገድ ማየት ይቻላል። ጭማሪው ግን ከጀርመን ከፍ ይበል።

ባለቤቱ መንግስት ሲሆን ነገሩ ይቀየራል። በኢትዮጵያ ጣቢያ ቢሰራ የመንግስት የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ያኔ የፈረንሳይ መንገድ ብዙም ትርጉም የለውም። ኩባንያው ሀብቱን ለይቶ ቢይዝም ኪሱ ያው የመንግስት ኪስ ነው። የስዊድን ዋስትናም እንዲሁ፣ መንግስት ለራሱ ዋስ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? የሚቀረው የፊንላንድ ዓይነት ከበጀት ውጭ የሆነ ፈንድ ነው። በሕግ ሁለት ነገር ይጻፍለት፦ ገንዘቡን ለማውጣት የዓመት በጀት አያስፈልግም፣ ማንም ሊበደረው አይችልም። የአሜሪካ ስህተት የመጀመሪያውን አለመጻፍ ነው።

አንድ የእኛ ሀገር ጣጣ ደግሞ አለ፣ እነ ፊንላንድ የማያውቁት። ገንዘቡ በምን ይቀመጥ? በሐምሌ 2024 የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለስልሳ ዓመት የሚጠራቀም ፈንድ በብር ብቻ ቢቀመጥ፣ ለመቅበሪያው የሚያስፈልገው መሳሪያና ባለሙያ ደግሞ በዶላር ቢገዛ፣ ፈንዱ በቁጥር እያደገ በአቅም ያልቃል። ስለዚህ የተወሰነው ክፍል በውጭ ምንዛሬ መያዝ አለበት። ግምቱም እንደ ፊንላንድ በየዓመቱ እንጂ በየሦስት ዓመቱ አይታደስ።

ቁጥጥሩ ላይ ብዙ አማራጭ የለም። ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ጣቢያውን ለሚገነባው ሚኒስቴር ተጠሪ ከሆነ ቁጥጥሩ የወረቀት ነው። ከዚያ በተጨማሪ እኔ የምመርጠው የኒው ሜክሲኮንና የስዊድንን ድብልቅ ነው። ቦታው የሚመረጥበት ክልልና ወረዳ የራሱን ባለሙያ የሚቀጥርበት ገንዘብ ከፈንዱ ያግኝ፣ እምቢ የማለት መብትም ይኑረው። ስራውን ያዘገየዋል የሚል ይኖራል። ኔቫዳ የማይሻር መብት ሳይኖራት ስንት ዓመት እንዳዘገየች ይቁጠር።

ጣቢያው እስኪመጣ ድረስ ግን ዛሬውኑ ያለ ምርጫም አለ። ሆስፒታሎች ካንሰር የሚያክሙባቸው፣ ኮባልት-60 የተባለ ጨረር አመንጪ ያላቸው መሳሪያዎች አሉ። የኮባልቱ ኃይል በየአምስት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ መለወጥም አለበት። አሮጌውስ ወዴት ይሄዳል? በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሲሲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ያለበት የሕክምና መሳሪያ ጥሎ ወጣ። ቆራሌዎች ፈታቱት። 249 ሰዎች ተበከሉ፣ አራት ሞቱ። ይህን ለመከላከል ቢሊዮን ዶላር አያስፈልግም። መሳሪያው ሲገዛ ውሉ ውስጥ አሮጌውን ምንጭ ሻጩ እንዲመልስ ይጻፍ፣ የመመለሻው ወጪም ፈቃድ ሲሰጥ በመያዣነት ይከፈል። ዋጋው ከመሳሪያው ዋጋ ጋር ስለሚደራደሩበት ያን ቀን ርካሽ ነው። ኃይሉ ካለቀ በኋላ ሲጠየቅ ግን ሻጩ የፈለገውን ይጠራል።